ሳይሞላ የሚወጣው ቅጥቅጥ

እኔ ግትር ነኝ። ይህን የቦንጋ መናኸሪያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የስምሪት ባለሙያ ሆኜ ከተመደብኩ ጀምሮ «የጪሪው መኪና ሲሞላ ሳይሆን በሰዓቱ ይውጣ» እያልኩ ስጨቃጨቅ ሳቁብኝ። ይሳቁ! ባሌ እስክንድር ጪሪ ያስተምራል። መኪናው እስኪሞላ ስለሚገተር፣ ከትምህርት በኋላ ቦንጋ ቤቱ መግባት አይችልም፤ እዚያው ተከራይቶ ያድራል። ልጃችን ፀዳለ አባቷን የቅዳሜ እንግዳ አድርጋዋለች። ገና ከበር ሲገባ «መቼ ነው የምትሄደው?» ትለዋለች።

በመጨረሻ የቅጥቅጧ ባለቤት እትዬ የወርቅውሃ ሰሙኝ። «አንድ ቀን እንሞክረው» አሉ። «ሲሄድም ሲመለስም በሰዓቱ ከወጣ፣ እንዳልሽው ይቀጥላል። አንድ ሰው እንጠብቅ ብላችሁ ካቆማችሁት ግን በቃ፣ እንደ ድሮው ሞልቶ ይሄዳል።» በሙከራው ቀን ራሳቸው መጥተው ጋቢና ተቀመጡ።

ጠዋት መናኸሪያው በሰው ተጨናንቋል፤ መኪናው ባዶ! ባዶ መኪና ውስጥ ማን ቀድሞ ገብቶ ይጉላላል? ሻይ የሚጠጣው ይጠጣል፣ ጫማ የሚያስጠርገው ያስጠርጋል። «ግቡ፣ ልንወጣ ነው!» ስል «ገና ነው እህቴ፣ መች ሞላና!» ይሉኛል። ሰዓቱ ደረሰ። ሹፌሩ ጋሽ አስናቀ በመስታወቱ አዩኝ።

«ይንዱት!» አልኩ።

ጉድ በሉ! መናኸሪያው እግሬ አውጪኝ አለ። አንዱ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ አንዱ ግማሽ የተጠረገ ጫማውን እንዳጠለቀ፣ አንዲት እናት ዶሮዋን ብብቷ ሥር ወትፋ «ኧረ በማርያም!» እያለች። የመናኸሪያው በር ላይ ቀስ ብለን ስንታጠፍ የደረሰ ደረሰ፣ ያልደረሰ ቀረ። በደስታም በሳቅም ፈነዳሁ።

ጪሪ እንደደረስን በቀጥታ እስክንድር ትምህርት ቤት ሄድኩ። «ዛሬ ማታ ቤትህ ነው የምታድረው፤ ግን በሰዓቱ ና!» አልኩት። «እሺ ሄርሜላዬ» አለኝ።

ወሬው በስልክ ቀድሞን ጪሪን አዳርሶ ኖሮ፣ አመሻሽ ላይ ልንመለስ ስንል ወንበሩ ሁሉ ተይዟል! ሰው ቁጭ ብሎ ሰዓት ሲጠብቅ በዓይኔ አየሁ። ከጎኔ ያለውን ወንበር ብቻ ነጠላዬን ጥዬበት ለእስክንድር ያዝኩ።

እስክንድር የለም። ስልኩን አያነሳም። በመስኮት አንገቴን አስግጌ ስፈልገው፣ ማዶ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እግሩን አጣምሮ ሻዩን ፉት ይላል። ወይኔ! የኔው ባል!

«እስክንድር!» ብዬ ጮህኩ።

ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ ጨርሼ መጣሁ ማለቱ ነው።

«ባለቤትሽ አይደሉ እንዴ?» አሉ ከኋላዬ ያሉ ሽማግሌ። «ትንሽ እንጠብቃቸው እንጂ።» ጋሽ አስናቀ በመስታወቱ አዩኝ። እትዬ የወርቅውሃም ዞረው አዩኝ። አባትሽ ይመጣል ብዬ ለፀዳለ ነግሬያታለሁ። ግን ዛሬ ለሱ ካቆምን ነገ ለሌላው ነው፤ ከዚያ ያው የድሮው ነገር።

«ይንዱት!» አልኩ።

ያኔ ሮጠ። ከረባቱ ትከሻው ላይ እየተንዘላዘለ ሮጠ፤ ግን የመኪናው አቧራ ዋጠው። እየሳቅሁ አለቀስኩ። መንገድ ላይ እጇን ለዘረጋች ነፍሰ ጡር ወንበሩን ሰጠኋት።

ስልኬ ጮኸ። «ሄርሜላ! ባልሽን ጥለሽ ሄድሽ?»

«ጣልኩህ!»

ጩኸቱ ጋቢና ድረስ ይሰማል። «ነገም እንዲህ በሰዓቱ ይወጣል?»

እትዬ የወርቅውሃ ከጋቢና ሳይዞሩ «ይወጣል በይው። ከነገ ወዲያም» አሉ። እልል አልኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተቀበለኝ።

ያን ማታ ፀዳለ አኩርፋኝ ተኛች። በማግስቱ አመሻሽ እስክንድር ጪሪ ላይ ሹፌሩ እንኳ ሳይመጣ ቀድሞ የመኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ቦንጋ ሲደርስ ከመኪናው ጣራ ላይ የኪራይ ቤቱን ፍራሽ አወረደ፤ ተሸክሞት ቤት ገባ።

ፀዳለ አባቷን አየች፣ ፍራሹን አየች። መቼ ነው የምትሄደው አላለችውም። የፍራሹን ጫፍ ይዛ ወደ ጓዳ መጎተት ጀመረች።