እሁድ የማይወጣው ሽፍታ

እሁድ እሁድ የአናጢው ቆዳ ንጹሕ ነበር። በሌሎቹ ቀናት ግን ሽፍታው ወደ ማታ ክንዱን ይጀምረውና ወደ አንገቱና ወደ ሆዱ ይሄዳል። ቀይ ሆኖ ጉብ ጉብ ይላል፣ ያሳክካል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሌላ ቦታ ይነሣል። ሲነጋ የሚታይ ነገር የለም።

«አመሉ እንዳንተ ነው» ትለዋለች ሚስቱ። «ሰው ሲመጣ ይደበቃል።»

እንቁላል ተወ። ሳሙና ለወጠ። የሱፍ ብርድ ልብሱን ለጎረቤት ሰጠ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ዓይኑ ልጁ ላይ አረፈ።

ልጁ ፀጉር ሠሪ ናት። የቤቱን የፊት ክፍል ፀጉር ቤት አድርጋዋለች፤ አንድ መስታወት፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ እሱ በእጁ የሠራላት ሁለት ወንበሮች። አናጢው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሠርቶ ይመጣና ጉልበቱን እያሸ ሳሎን ይቀመጣል። የፀጉር ማለስለሻው ሽታ በበሩ ሥር ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ክንዱ ይጀምረዋል።

«እሁድ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው» አላት ሚስቱን። «እሁድ ደግሞ አያሳክከኝም። ሌላ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ?»

«እና ልጄን ልታስወጣት ነው?»

«የኔስ ልጅ አይደለችም እንዴ? ሽታውን ነው ያልኩት።»

ልጅቷ ሰምታ ነበር። የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈነች። ሥራ ስትጨርስ ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ መግባት ጀመረች። አባቷን መሳም ተወች፤ በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?» ትለውና ወደ ጓዳ ታልፋለች። ሽፍታው ግን አልቀረም።

አንድ ማታ እራት ላይ ክንዱን ሲፎክት ደማ። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አንቺ እዚህ ቤት እስካለሽ ድረስ እኔ አልድንም» አላት።

«ሥራሽ እዚህ ቤት እስካለ» ሊል ነበር። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱም አላረመው።

ልጅቷ ጓደኛዋ ያለችበት ከተማ ቤት ተከራየች። ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ያስኬዳል። ዕቃዋን ስትጭን አንደኛው ወንበር አልገባ አለ። እግሮቹን መፍታት ለሠራው ሰው የደቂቃ ሥራ ነበር። አናጢው ሳሎን ተቀምጦ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይሰማል፤ አልወጣም። ወንበሩ ቀረ።

ሽፍታውም ከእሱ ጋር ቀረ። «ሽታው ግድግዳው ውስጥ ገብቷል» ብሎ የፊት ክፍሉን ቀለም ቀባው።

«ልጄን አስወጣህ» አለች ሚስቱ። «ቀጥለህ ደግሞ ግድግዳውን ልታስወጣው ነው?»

አንድ ማታ ከንፈሩ አብጦ መናገር ሲከብደው ሚስቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የበላውን፣ የነካውን፣ የሚሠራበትን እንጨት ሳይቀር ጠየቀችው። ሚስቱም እሁድ እንደማይወጣበት ነገረቻት።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ፣ አባት?»

«የለም።»

«ያ የጉልበትህ ኪኒንስ?» አለች ሚስቱ።

«እሱ ምን መድኃኒት ነው? ከሱቅ የሚገዛ።»

«እንደ ከረሜላ ነው የሚቅመው፣ ዶክተር። ከሥራ ሲመለስ አንድ፣ ካልተወው ሌላ።»

«እሁድስ?»

«እሁድ አልቆምም» አለ አናጢው። «ካልቆምኩ ጉልበቴ አያመ…»

ሚስቱ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እሱ ነው ብዬ አልምልም» አለች ሐኪሟ። «የዚህ ሽፍታ መነሻው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ግን እንዲህ ያለ ማስታገሻ ያባብሰዋል። ይተዉትና እንየው፤ ለጉልበትዎ ሌላ እሰጥዎታለሁ።»

ተወው። ሽፍታው ጨርሶ አልጠፋም፤ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ከንፈሩ ግን ዳግመኛ አላበጠም፤ ሌሊቱንም ተኝቶ ያድር ጀመር።

«ደውልና ንገራት» አለችው ሚስቱ።

«በስልክ የሚነገር አይደለም።»

ልጅቷ ልትጠይቃቸው ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች።

«ምንም አልተቀባሁም» አለች። «ልብሱም አዲስ ነው።»

«ግቢ።»

«እዚሁ ይሻለኛል፣ አባዬ።»

«ግቢ እንጂ! አንቺ አልነበርሽም። የጉልበቴ ኪኒን ነው።»

እናቷን አየቻት። እናቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ኪኒን?» ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «እኔ እኮ ለአንተ ብዬ እጄን በበረኪና ስታጠብ ነበር።»

ገብታ ሳመችው።

አናጢው ቀድሟት ወደ ፊት ክፍሉ ሄደና የቀረው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ፀጉሬ አድጓል።»

ማጅራቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ድሮ ፀጉሩን የምትቆርጥለት እሷ ነበረች።

«መቀሴን አልያዝኩም። እዚያ ነው ያለው።»

«ክፍሉ ባዶ ነው። ቀለምም ቀብቼዋለሁ።»

«አየሁት። ያምራል።»

«ያኛውን ወንበር ብትመልሽው…»

«አባዬ፣ እዚያ ረዳት ቀጥሬያለሁ። ደንበኞቹም ለምደውኛል።» የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። «ይልቅ ይሄኛውን ልውሰደው። ወንበር አንሶኛል።»

አናጢው ተነሣ። መፍቻውን አመጣና ጉልበቱ እያመመው ተንበረከከ። አውቶቡሱ ላይ እንዲገባላት የወንበሩን እግሮች አንድ በአንድ ፈታ፤ በገመድም አሰረላት።