የፉርጎው ጥራጊ

ሰው በወርቅ ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል፣ በባል ይቀናል። መሰለች የቀናችው በጎመን ነው። መሳቅ ያማረው ይሳቅ፤ እሷን ግን ሦስት ወር ሙሉ እህል እንዳይረጋላት ያደረጋት እሱ ነበር።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከሠራተኞቹ ቤቶች መካከል የሁለቱ ጓሮ በአንድ የቅንጭብ አጥር ይለያያል። በወዲህ በኩል መሰለችና ባሏ፣ ሐዲድ ጠጋኙ ሳህሌ ይኖራሉ። በወዲያ በኩል ዳሲቱና ባሏ ሁንዴ፤ እሱ የጣቢያው ጭነት አውራጅ ነው። አፈሩ ያው መረሬ፣ ውሃውም ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳ ነው። የዳሲቱ ጎመን ግን ቅጠሉ ሰፌድ አክሏል፤ የመሰለች ጎመን ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወሮት፣ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል።

ሳህሌ ደግሞ ነገሩን አባሰው። አንድ ቀን ዳሲቱ በሰሃን የላከችውን ጎመን በልቶ ሲያበቃ፣ ጣቱን እየላሰ፣ ሙያ ማለት ይሄ ነው አለ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ወንድ ልጅ ሆዱ ሲሞላ የሚናገረውን አያውቅም። መሰለች ሰሃኑን ስታጥብ ከድንጋዩ ጋር አጋጭታ ጠርዙን ሸረፈችው። የጎረቤት ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ከጓሮዋ ቆርጣ የምትሞላበት ነገር ስላልነበራት ሰሃኑ መደርደሪያዋ ላይ ቀረ፤ ባየችው ቁጥር እርር ድብን ትላለች።

በጥቅምቱ የማርያም ማኅበር፣ የሚቀጥለው ተራ የእሷ መሆኑ ሲነገር አፏ ቀደማት። ለኅዳር ጽዮን ጎመን ከገበያ አልገዛም፣ ከጓሮዬ ቀንጥሼ ነው የማበላችሁ አለች። ዳሲቱ እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ ነገሩም የተባለው ለእሷ ጆሮ ነው። የማኅበሩ ታላቅ እትዬ የሺሐረግ፣ እንግዲያው ሆዳችንን ባዶ አድርገን እንመጣለን ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ መሰለች ያልሞከረችው የለም። አመድ ነሰነሰች፤ ክሽክሹ ቀነሰላት። ትሉን ማለዳ ማለዳ በእጇ ለቀመች። ቅጠሉ ግን አልሰፋም። ዳሲቱን ጠጋ ብላ ብትጠይቃት ሁሉንም ትነግራት ነበር። ለመጠየቅ ግን ትበልጪኛለሽ ማለት ያስፈልጋል፤ እሱን ከምትል ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። ስለዚህ በአጥሩ ቀዳዳ መሰለል ያዘች።

አንድ ንጋት ዳሲቱ መጥረጊያና ጆንያ ይዛ ወደ ሐዲዱ ስትሄድ አየቻት። ከብት ያራገፈ ፉርጎ ውስጥ ገብታ ፍጉን ጠርጋ ተሸክማ ተመለሰች። መሰለች ሚስጥሩን ያገኘች መሰላት። ዳሲቱ ያን ፍግ ከቤቷ ጀርባ ከምራ ሁለት ወር እንደምታበሰብሰው አላየችም። ፉርጎውንም መርጣ እንደምትገባ አላወቀችም።

በሳምንቱ እሷም ሰው ሳይነሳ ወጣች። ክፍት ሆኖ ያገኘችው የመጀመሪያው ፉርጎ ውስጥ ዘላ ገባች። ወለሉ ላይ የደረቀ ፍግ አለ፤ ከፍጉ ጋር ግራጫ ጠጠር የመሰለ ነገር ተደባልቋል። ማን አየኝ እያለች እያንዳንዱን ስንጥቅ ሳይቀር ጠረገች፤ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በየጎመኑ ሥር አፍሳ፣ ውሃ ካፈሰሰችበት በኋላ፣ አሁን እንተያያለን አለች ወደ አጥሩ እያየች።

በአራተኛው ቀን የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጠለ። በሳምንቱ ግንዱ ተኛ፤ መሬቱም ሲደርቅ ነጭ አወጣ። መሰለች ዓይኗ ነው አለች፤ የማን ዓይን እንደሆነ ሳህሌ አልጠፋውም። ምን አደረግሽበት ብሎ ቢጠይቃት ተቆጣች። ዳሲቱንም ሰላምታ ነሳቻት።

ለጽዮን ሦስት ቀን ሲቀር ዳሲቱ ራሷ በሩን አንኳኩታ ገባች። ጓሮውን አየች፣ ቁጢጥ አለች፣ ከነጩ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገችና ተፋችው።

«ይሄ ጨው ነው መሰለች። ከፉርጎ ነው የጠረግሽው?»

መሰለች መሬት መሬት አየች።

ዳሲቱ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ከብት ጭኖ ወደ ቆላ የወረደ ፉርጎ ሲመለስ የጅቡቲ ጨው ጭኖ ይመጣል፤ ጆንያው ሲቀደድ ጨዉ ከድሮው ፍግ ጋር ይደባለቃል። እሷ ሁንዴን ሳትጠይቅና ሳትቀምስ አትጠርግም። አሁን የሚሻለው ቦይ ቀዶ ውሃ ደጋግሞ ማጠጣት ነው፤ ጨዉ ወደ ታች እስኪወርድ። መሰለች ትስቅብኛለች ብላ ጠበቀች። ዳሲቱ አልሳቀችም፤ ይህ ደግሞ ከሳቅ ይልቅ አናደዳት።

የጽዮን ዕለት ጠዋት ሁለት ቅርጫት ሙሉ ጎመን በአጥሩ ላይ ተሻገረላት። ለማንም አልናገርም አለቻት ዳሲቱ። መሰለች ተቀበለች፤ ሌላ ምን ምርጫ ነበራት?

ማኅበርተኞቹ በሉ፣ አመሰገኑ። እትዬ የሺሐረግ እጃቸውን ታጥበው ተነሱ።

«ቃልሽን ጠብቀሻል ልጄ። በሉ ተነሱ፣ ጓሮዋን አይተን እንመርቅላት።»

ከጥግ የዳሲቱ ድምፅ መጣ።

«ዛሬስ ይቅር እትዬ። ውሃ አጠጥታው ጭቃ ነው፤ ነጠላዎ ይበላሻል።»

እውነት ነው፤ ጓሮው ጨዉ እንዲወርድ ሦስት ቀን ውሃ ሲጠጣ ሰንብቷል። ሴቶቹም መልሰው ሊቀመጡ ነበር። መሰለች ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያ ባለቀ። ግን ዳሲቱን አየቻት፤ እንደዚያ ረጋ ብላ፣ ምንም እንዳላደረገች ሁሉ ተቀምጣለች። ጎመኗ አልበቃ ብሎ በደግነትም ልትበልጣት ነው። ይህን መሸከም አቃታት።

«ጎመኑ የዳሲቱ ነው» አለች። «የኔን ከፉርጎ የጠረግሁትን ጨው አልብሼ ገደልኩት።»

እትዬ የሺሐረግ ግራ ቀኝ አዩና፣ እንግዲያው ምርቃቱ ወዲያ ማዶ ነው ብለው መሩ። ሴቶቹ ተከትለዋቸው አጥሩን ዞሩ። ምርቃቱ ሲሰማ መሰለች ከጓሮዋ ሆና አሜን አለች፤ አለማለት አይቻልምና።

ከዚያ ገብታ ሰሃኑን ከመደርደሪያው አወረደች። የማኅበሩን ዳቦ ቆርሳ ሞላችውና ወስዳ ለዳሲቱ ሰጠቻት። ዳሲቱ ስትቀበል ጣቷ የተሸረፈው ጠርዝ ላይ አረፈ፤ አንድ ጊዜ ዳሰሰችው፣ አመሰገነች፣ ገባች።

መሰለች አጥሩ ሥር ቆማ ቀረች። ምናለ አሁን እንኳ፣ አንድ ጊዜ፣ ክፉ ቃል ብትናገረኝ አለች በልቧ።