ያለ ፈቃድ

ስልኩ ሲጮህ እማማ ቁርጡ ልብስ እያሰጡ ነበር። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ነገር ማለሳለስ የሚባል ስላልፈጠረባቸው ሰፈሩ በዚህ ጠራቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉና «ማነህ?» አሉ። ደዋዩ ሴት ቢሆንስ ብለው አይጨነቁም።

«የመምህርቷ ቤት ነው?» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ። «ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። የራሷ ስልክ ዝግ ነው።»

«ክፍል ስትገባ ታጠፋዋለች። እናቷ ነኝ፤ ምን ፈለግህ?»

«እናትዋ ከሆኑማ ጥሩ። አንዲት ነገር ላጣራ ብዬ ነው። ልጅዎ ፈቃድ አላት?»

የእማማ ቁርጡ ደም ፈላ። ፈቃድ ሲባል እሳቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከአጥራቸው ማዶ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ እግሩን ሰቅሎ ካርታ ሲጫወት፣ «ሥራ የለህም ወይ?» ሲሉት የሚመልስላቸው «ፈቃድ ላይ ነኝ» ብሎ ነው። እና አሁን ይሄ ጎርናና የእሳቸውን ልጅ ከዚያ ዘወልዋላ ጋር ሊደባልቃት!

«የምን ፈቃድ!» አሉ። «የኔ ልጅ ፈቃድ የሚባል ነገር አታውቅም!»

«የላትም እያሉኝ ነው?»

«የላትም! ኖሯትም አያውቅ። ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ፈቃድ ነው የምታስተምረው።»

ከወዲያ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማቸው። «ያለ ፈቃድ?»

«ያለ ፈቃድ! ጉንፋን አፍኗት፣ ድምጿ ተዘግቶ እንኳ ያለ ፈቃድ! ካላመንክ ሰፈሩን ጠይቅ።»

«ዳይሬክተሩስ ያውቃል?»

«እሱ አይደል እንዴ ያለ ፈቃድ የሚያሠራት!»

«በጣም አመሰግናለሁ፣ እማማ» አለ ሰውየው፣ ደግሞ ከልቡ ነው ያለው። እማማ ቁርጡ ልክ ልኩን የነገሩት መስሏቸው ደረታቸውን ነፍተው ወደ ልብሳቸው ተመለሱ።

አመሻሹ ላይ ልጃቸው ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠች።

«እማዬ፣ ዛሬ የደወለልሽ ሰው አለ?»

«አንዱ ባለጌ ደውሎ ነበር። አፉን አስያዝኩታ!»

«ምን ብለሽ?»

አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ልጅቷ በመዳፏ አፏን ያዘች፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ ለራሷም የገባት አይመስልም።

«እማዬ፣ የጠየቀሽ የሙያ ፈቃድ ነው። ማስተማር ትችላለች ተብሎ የሚሰጥ ወረቀት።»

«ትችላለች? እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ከርመሽ ነው?»

«ሳስተምር።»

«እና ምን ቀራቸው?»

«መቻሌን ማወቅ።»

«ክፍልሽ መጥተው አይተውሻል?»

«ማን ይመጣል! ፈተና ነው የሰጡን።»

«ወደቅሽ?»

«አለፍኩ እንጂ! ወረቀቱ ነው የውሃ ሽታ የሆነው። ያለ ወረቀቱ ደግሞ ኮንትራቴ አይታደስም። የደወለልሽ ተቆጣጣሪ ነገ ለመጨረሻ ውሳኔ ይመጣል። እስኪጣራ ግን ክፍል እንዳትገቢ ተብያለሁ፤ እናትሽ ራሳቸው መስክረዋል አሉኝ።»

እማማ ቁርጡ ክው አሉ። ይቅርታ ግን ከአፋቸው አልወጣም፤ ድሮም አይወጣም። ይልቅ ነገሩ ከነከናቸው። አንድ ቃል ከአንድ አፍ ወጥቶ፣ ሌላ ጆሮ ውስጥ ሲገባ እንዴት ሌላ ነገር ይሆናል? ኮንትራት የሚሉትም እንዲሁ አልገባቸውም። እሳቸው ኮንትራት ሲባል የሚያውቁት ታክሲ ነው፤ ያደርሳል፣ ሰው ይወርዳል፣ አበቃ። ሰው እንዴት በየዓመቱ ወርዶ በየዓመቱ እንደገና «ልሳፈር» እያለ ይለምናል?

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

«ምን ልትሆኚ?»

«የተናገርኩትን ልመልስ። ደግሞም የምትሠሪበትን ቤት አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ተቆጣጣሪው ከዳይሬክተሩ ጋር በር ዘግቶ ነበርና ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጠብቁ ተባሉ። እማማ ቁርጡ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሴት አይደሉም። ዕቃ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ሁሉን እየነካኩ ዞሩ። እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች ጥግ ላይ እንደ ማገዶ ተቆልለዋል። የመምህራኑን ክፍል ሲያዩ ወንበሩ ለሁሉም ስለማይበቃ አንዱ መምህር በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ደብተር ያርማል፤ ሌላዋ ያለችውን ጠመኔ ሰብራ ለጓደኛዋ ታካፍላለች። የልጃቸው ክፍል በር እጀታ የለውም፤ በሽቦ ነው የሚታሰረው። ከውስጥ ያለው ጫጫታ ጣሪያውን ሊያነሳው ደርሷል።

«አስተማሪ የላቸውም?» አሉ።

«አስተማሪያቸው እዚህ ቆማለች» አለች ልጃቸው። ከንፈሯን ነክሳ ጥቂት ታገሰች። ከዚያ በሕንፃው ጀርባ ዞራ፣ መስተዋት ከሌለው መስኮት ሥር ቆመች።

«አንቺ፣ ክፍል አትግቢ ተብለሽ የለም እንዴ?»

«ክፍል ነው ያሉኝ። መስኮት አላሉኝም።»

ልጆቹ አስተማሪያቸውን በመስኮት ሲያዩዋት ጊዜ ዕልል አሉ፤ ከዚያ፣ ማንም ሳይቆጣቸው፣ ጸጥ።

«ትናንት እናቴ ልብስ አጥባ አሰጣች» አለቻቸው። «ጠዋት ውሃው ጠብ ጠብ ይል ነበር። ማታ ስገባ ደርቋል። ውሃው ወዴት ሄደ?»

«መሬት ጠጣው!»

«ከገመዱ በታች ሲሚንቶ ነው፤ እሱም ደርቋል።»

«ፀሐይ በላችው!»

«ፀሐይ አፍ አላት?»

«ተሰረቀ!» አለ አንዱ፣ ክፍሉም በሳቅ ፈረሰ።

እማማ ቁርጡ አልሳቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ አጥበዋል፤ የራሳቸውን፣ የባላቸውን፣ የልጆቻቸውን፣ የሰውንም። ደረቀ ብለው አጣጥፈው ያስገባሉ። ወዴት ሄደ ብለው ግን አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። እንዴት አልጠየቁም? ሳይታወቃቸው ጆሯቸውን ጥለው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«እሺ፣ የት እንደገባ ልንገራችሁ። ውሃው...»

«ምንድን ነው ይሄ?» የሚል ጎርናና ድምፅ ከኋላ መጣ። ተቆጣጣሪው ነው፤ ከድምፁ በጣም ያነሰ፣ ቀጭን ሰው። ዳይሬክተሩ ከኋላው ይከተላል።

«መምህርት፣ ክፍል እንዳይገቡ አልተባሉም?»

«አልገባሁም» አለች። ሰውየው እግሯን አየ። እውነትም ደጅ ናት።

እማማ ቁርጡ መሀል ገቡ። «የስልኩ ሰውዬ አንተ ነህ? እናቷ ነኝ። የሰጠሁህን ቃል መልስልኝ!»

«ተጽፏል እኮ፣ እማማ።»

«የጻፍከው ሌላ፣ እኔ ያልኩት ሌላ! እኔ ሥራ ትታ ቤት ተጋድማለች ወይ ያልከኝ መስሎኝ ነው። የኛ ጎረቤት ፈቃድ ላይ ነኝ የሚለው ካርታ ሲጫወት ነው።»

ዳይሬክተሩ ሳቁን በሳል አፍኖ ፊቱን አዞረ። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም።

«እንግዲያው አሁን አስተካክዬ ልጠይቅዎ። የሙያ ፈቃድ፣ የማስተማሪያው፣ አላት ወይስ የላትም?»

ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተደራርበዋል። ልጃቸው መሬት መሬት ታያለች። እማማ ቁርጡ አላት ቢሉ ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ አይሆንላቸውም።

«የላትም» አሉ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «የላትም፤ ፈተናውን ግን አልፋለች። አልፋ ሳለ ወረቀቱ ወዴት ሄደ? አንተም እንደኔው ነህ፤ የለም ብለህ ታጣጥፋለህ እንጂ የት ገባ ብለህ አትጠይቅም።»

ተቆጣጣሪው ትክ ብሎ አያቸው። ሊቆጣ ነው ሲባል ስልኩን አውጥቶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወለና የልጅቷን ውጤት ጠየቀ። የስልኩ ማዳመጫ ስለተበላሸ ድምፁን ለቀቀውና ግቢው ሁሉ ሰማ።

«አዎ፣ አልፋለች» አለች ከወዲያ አንዲት ሴት። «የሁሉም ታትሞ አልቋል። ፊርማ ነው የቀረው።»

«ታዲያ ለምን አይፈረምም?»

«ኃላፊው የሉም።»

«የት ሄደው?»

«ፈቃድ ላይ ናቸው።»

ዳይሬክተሩ አሁን ሳሉ አላዋጣውም፤ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ልጆቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተከተሉት። እማማ ቁርጡ ብቻ ፊታቸው ሳይፈታ፣ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«የትኛው ፈቃድ?»

ተቆጣጣሪው ስልኩን ዘጋ። «የካርታው» አለና፣ ለራሱ ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔንም ኮንትራት የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው» ሲል አጉረመረመ።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ይግቡ። እሳቸው እስኪመለሱ ኮንትራቱ ባለበት ይቀጥል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ቃል አልገባም።»

«አትግባ» አሉ እማማ ቁርጡ። «ብቻ ሌላ ጊዜ ልትጠይቅ ስትደውል፣ የትኛው ፈቃድ እንደሆነ አስቀድመህ ተናገር።»

ልጃቸው ዞራ ሄዳ ሽቦውን ፈታች። ተቆጣጣሪው ቦርሳውን ዘጋ፤ ተሰናብቶ መሄድ ሲገባው ግን ወዲያው አልሄደም፤ መስኮቱ አጠገብ ቆም አለ። ዳይሬክተሩ የእማማ ቁርጡን ክንድ ያዘ።

«በቃ አለቀ እኮ፣ እማማ። ቤትዎ ይግቡ፤ ፀሐዩም እየጠነከረ ነው።»

«ልቀቀኝ እስቲ። መች ጨረሰች?»

ክርናቸውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው፣ በልጆቹ አናት ላይ ወደ ውስጥ ጮሁ።

«አንቺ! ውሃው የት ገባ?»