ሐሰተኛ የሚይዘው ሽቦ

መምህር እንዳላማው ተቃጥሎ የተጣለውን የሽቦ ጥቅል፣ ለተማሪዎቹ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያሳይበት፣ ዙሩን እየቆጠረ ሁለት ወር ሙሉ መልሶ ጠመጠመው። ሽቦው የሚለበጥበትን ትኩስ ሰም ይዞ፣ ጣቱን እስኪያቃጥለው ድረስ ያገዘው ባልደረባው አስማማው ነበር። በሙከራውም ቀን የጥቅሉን እጀታዎች ጨብጦ እየተንቀጠቀጠ ተማሪዎቹን በሳቅ ያፈረሰ እሱ ነው። «ወንድሜ፣ ይኼ ነገርህስ ጻድቅና ኃጥእ አይለይም!» አለው።

በሳምንቱ ጥቅሉ ከነባትሪው ከትምህርት ቤቱ ጠፋ። እንዳላማው ያገኘው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ አውጫጭኝ ከተቀመጠበት ወይራ ሥር ነው። ለአርበኞች ጥይት ያቀበለው እንዲታወቅ የአገሩ ሰው በየተራ ይምላል፤ አስማማው ከጣሊያኑ ሹም አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል።

«ይህ ሽቦ በሐሰት የማለን ይይዛል፤ እውነተኛን አይነካም» ይላል።

አስማማው ማብሪያውን ስላልተጫነ፣ እጀታውን የጨበጡት አምስት ሰዎች ምንም አልሆኑም። ሽማግሌው አያ ደምለው ሲጨብጡ ግን ሹሙ ራሱን ነቀነቀ፤ አስማማው ተጫነ፤ አዛውንቱም ጮኸው ወደቁ። ሕዝቡ መሐላ የሚፈራ ነውና ፊቱን አዞረባቸው።

እንዳላማው ዘልሎ ማብሪያውን ቀማው። «አሁን አንተ ጨብጥ። ስምህን ብቻ ተናገር።»

አስማማው እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«ምነው ጌታው፣ ስምዎ ጠፋዎት?» አለች አንዲት ሴት። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሁለት ሰዎችም አያ ደምለውን ደግፈው አነሷቸው።

አስማማው ለሹሙ በጣሊያንኛ አንሾካሾከና ጣቱን ወደ እንዳላማው ቀሰረ። ወታደሮቹ ክንዱን ሲጠመዝዙት እንዳላማው ያችን ጣት አየ፤ የሰሙ ጠባሳ ገና አልለቀቃትም ነበር።