ለተበላው ሸክላ የሚሆን መርፌ

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር የሙዚቃ ማጫወቻውን ታቅፎ፣ የዘፈኑን ሸክላ ለሚስቱ አስይዞ፣ ማጫወቻ ጠጋኙ ሱቅ እስኪደርሱ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» እያለ መጣ። ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ሆና የሰው ልጅ ስትቀበል የኖረች ሴት አንድ ሸክላ ትጥላለች ብሎ መፍራቱ እኮ ነው! እሷም ሸክላውን ደረቷ ላይ አስጠግታ መንገዷን ቀጠለች። ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምናዋ ወዲህ የቀራት ሹክሹክታ ብቻ ስለሆነ በከንቱ አታባክነውም።

ድሮ፣ ሳይጋቡ፣ ከአንድ የሰፈር ባንድ ጋር ትዘፍን ነበር። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ይኸው ሸክላ ነው፤ በሸክላውም ላይ ብቻዋን የምትዘፍነው አንዲት ስንኝ ናት። አሁን መርፌው እዚያች ስንኝ ላይ ሲደርስ ይንሿሿል እንጂ ድምፅ የለም። ሾፌሩ ያንን ድምፅ ዳግመኛ ሳልሰማው ልቀር ነው ብሎ እንቅልፍ አጥቷል።

ጠጋኙን ሰፈሩ «ጆሮው» ይለዋል። መርፌውን የሚይዘውን የማጫወቻውን ክንድ ሲያይ ራሱን ያዘ። መርፌው በተሰካበት ራስ ላይ ሳንቲም በፕላስተር ተለጥፏል።

«አባባ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እየዘለለ ሲያስቸግረኝ ክብደት ጨመርኩለት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።»

«እርስዎማ ሸክላ አላጫወቱም፤ አርሰዋል!»

ሚስት ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ያለ ድምፅ ሳቀች።

ጆሮው ሸክላውን በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አየና ግራ ገባው። «ሌላው ቦታ ደህና ነው። የተበላው እዚህች ጋ ብቻ ነው። ማነው መርፌውን እዚህች ጋ እየመለሰ ሲያሳርፍ የኖረው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሾፌሩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ቤታቸው ውስጥ ግን ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ሚስቱ አየችው። እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

«ዘፈኔን የምትጠላው ይመስለኝ ነበር» አለች በሹክሹክታዋ። «አንድ ቀን እንኳ ከፍተኸው አይቼ አላውቅም።»

«አንቺ ካለሽማ እዚያች ጋ ሲደርስ ሮጠሽ ታጠፊዋለሽ! ሆስፒታል ተረኛ ስትሆኚ ነበር የምሰማው።»

«ድምፄ ስለሚሰበር ነዋ።»

«እኔ የምወደው እሱን ነው።»

ጆሮው ጉሮሮውን ጠረገና ሁለት መርፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይሄ ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን የድሮው መርፌ የበላው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ይሄኛው ቀጭን ነው፤ ከተበላው ዝቅ ብሎ ድምፁ ወደተቀረጸበት ቦይ ይገባል። እዚያ የተረፈ ድምፅ ካለ ያመጣዋል። ከሌለ ግን፣ አባባ፣ በቃ የለም።»

ሾፌሩ ከሁለቱም እጁን ሰበሰበ። ሳይሞከር እስከቆየ ድረስ ቢያንስ ተስፋ አለ። ሚስቱ ግን ቀጭኑን በጣቷ ወደ ጆሮው ገፋ አደረገችው።

ጆሮው ሳንቲሙን ልጦ፣ አዲሱን መርፌ ገጥሞ፣ የክንዱን ሚዛን አስተካክሎ ሸክላውን አስነሳ። ባንዱ ተጫወተ። ቀጥሎ መንሿሿቱ መጣ። ከመንሿሿቱ ስር አንዲት ወጣት ሴት ዘፈነች፤ ስንኙ መጨረሻ ላይ ድምጿ ስብር አለና ተመለሰ። ሾፌሩ ሰው አለ የለም ሳይል አለቀሰ።

«በሉ እንግዲህ ቆጥባችሁ ስሙት» አለ ጆሮው። «በየቀኑ ካመላለሳችሁባት ይቺም የቀረችው ትበላለች።»

ሚስት የባሏን እጅ ይዛ የማጫወቻው ክንድ ላይ አስቀመጠችው።

«ትበላ» አለች። «ድገመው።»