አያፕሩን ጠመንጃ የተማረችበት ቀን

አኑስካ የዘጠኝ ዓመት ልጇን «ወንድም ጋሼ» ብላ ነው የምትጠራት። በበረዷማው ሰሜን፣ በኩስኮክዊም ወንዝ ዳር፣ ዩፒክ በሚባሉት አዳኞች መንደር፣ በዚህ የሚስቅ ሰው የለም። ሰው ሲሞት ስሙ ኋላ ለሚወለድ ሕፃን ይሰጣል። ሕፃኑ ሴትም ሆነ ወንድ ለውጥ የለውም፤ ከስሙ ጋር ዝምድናውም አብሮ ይመጣል። አያፕሩን የአኑስካ ታላቅ ወንድም ነበር፤ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ፣ በገዛ ቤታቸው መግቢያ ላይ፣ ጥይት ገደለው። አሁን አያፕሩን ልጅቷ ናት። የአኑስካና የሟቹ እናት፣ አያቷ ናስታሲያ፣ «ልጄ» ይሏታል፤ ሟቹ ይወደው የነበረውን የዓሣ ጭንቅላት እየመረጡ ያጎርሷታል። አንዲት ፍሬ ልጅ የሁለት ሰው ፍቅር ትበላለች።

ጠመንጃ አስተምሩኝ ብላ ቤቱን ያመሰችው እንግዲህ ይህችው ናት።

አባቷ ኢቮን ከፈቀደ ቆይቷል። «በዚህ መንደር ጠመንጃ የሌለበት ቤት አሳዪኝ» ይላል። «እኛ ካላስተማርናት የጎረቤት ልጆች ያስተምሯታል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

«ዐሥራ ሦስት ዓመት ይለፋት» ትላለች አኑስካ።

«አምና ዐሥር ብለሽ ነበር።»

«አምና ሕፃን ነበረች። አሁን አድጋለች።»

«እኔስ ምን አልኩ? አድጋለች እኮ ነው የምልሽ!»

ናስታሲያ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ጣልቃ ገቡ። «እኔ የመጀመሪያ ቆቋን መብላት ነው የምፈልገው።» በአገሩ ልማድ ልጅ መጀመሪያ ያደነውን ራሱ አይቀምስም፤ ለአሮጊት ይሰጣል። «ሦስት ጥርስ ነው የቀረኝ። አንቺ ቀጠሮ ባራዘምሽ ቁጥር አንድ ይወልቃል።»

ሁሉም ሳቁ። አኑስካ ግን ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

በዚያ አገር ጠመንጃ ቤት ውስጥ አይገባም። ከውጭው በርና ከውስጡ በር መካከል ባለችው ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከካፖርቱና ከቦት ጫማው ጎን ይቆማል። ሙቀት ውስጥ ከገባ ብረቱ ያልበዋል፤ እርጥቡን መልሰው ብርድ ላይ ሲያወጡት በረዶ ይሠራና አዳኙን ጉድ ያደርጋል። ስለዚህ ልጆች ሁሉ በየቀኑ በጠመንጃ አጠገብ ያልፋሉ። አኑስካን እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነው።

መጋቢት ላይ ኢቮን ለሦስት ሳምንት ሥራ ወደ ከተማ ሲሄድ፣ አኑስካ በቤቱ ያለችውን ብቸኛ ጠመንጃ፣ ትንሿን የቆቅ መምቻ፣ ከቀዝቃዛዋ ክፍል አነሳቻት። በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለለችና አልጋዋ ስር ሸጎጠቻት። ብረቱ ቢያልበው ያልበው! ከዚያች ቀን ጀምሮ እፎይ ብላ ተኛች። በሞኝነቷ አልፈርድባትም፤ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን ረስታ አይደለም፤ ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል።

ኢቮን ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ጠመንጃዋን ወደ ቦታዋ ልትመልስ አወጣቻት። ዝጋ አገኛታለሁ ብላ ነበር፤ ደርቃ ታበራለች። አኑስካ ደነገጠች።

«ወንድም ጋሼ! ነይ እስቲ። ይህን የነካው ማነው?»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አቀረቀረች። «አልጋሽ ስር ሲያልበው አየሁት። አባዬ ዝጎ ካገኘው አንቺን ይቆጣሻል ብዬ… ከትምህርት ቤት ስመለስ እጠርገዋለሁ። በካልሲዬ።»

«በየቀኑ?»

«እሑድ አልጠርገውም።»

«የቱን ነው የምትጠርጊው?»

«ሁሉንም። አቧራ እንዳይኖር የአፈሙዙን ቀዳዳም በአንድ ዓይኔ አየዋለሁ።»

አኑስካ አፈሙዙን ወደ ወለሉ አዙራ መቀርቀሪያውን ሳበች። አንዲት ጥይት ዘላ ወጣችና ጣውላው ላይ ተንከባለለች።

ማን እንደተዋት እግዜር ይወቅ። ሳትከፍት፣ ሳታይ፣ የጎረሰ ጠመንጃ ይዛ ልጇ ወደምትተኛበት ቤት የገባችው ግን ራሷ አኑስካ ናት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷን ስባ ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

አያፕሩን እናቷ እስክትረጋጋ ጠበቀች። ከዚያ «እንዴት ነው የሞትኩት?» ብላ ጠየቀች።

ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንደምትጠይቅ አኑስካ ታውቅ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ደብቃለች።

«ዐሥር ዓመቴ ነበር» አለች። «አባባ ከአደን ገባ። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ነበርና ‹ጠመንጃውን መግቢያው ላይ አቁሚልኝ› አለኝ። ወስጄ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ከፍቼ አላየሁም። አንተ… አንቺ ማገዶ ታቅፈሽ ገባሽ። ክርንሽ ነካው፤ ወደቀ፤ ተተኮሰ። አባባ እስኪሞት ድረስ ‹ያቆምኩት እኔ ነኝ› እያለ ኖረ። እናቴም ዛሬ ድረስ እንደዚያ ነው የምታውቀው። እኔ ዝም አልኩ።» ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት። «ወንድም ጋሼ፣ ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ በትንሽ መዳፏ የእናቷን ጉንጭ ጠረገች።

«ከፍተሽ እዪ ያለሽ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«አከፋፈቱንስ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ ማን አስተምሮሽ ነው የምታይው?» አለች አያፕሩን፤ ታላቅ ለታናሹ እንደሚናገር ነበር አነጋገሯ። «አልተቆጣሁሽም።»

  አኑስካ ፊቷን በሻርፗ ጠረገች፤ ጥይቷን ከወለሉ አንስታ ኪሷ ከተተች፤ ጠመንጃዋንም መቀርቀሪያዋ እንደተከፈተ ልጇ ጭን ላይ አስቀመጠች።

«ባዶ ቢሆንም አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም። ባዶ ነው ብሎ የሚምልልሽን ሰው አትመኚው። አባትሽ ቢሆንም፤ እኔ ብሆንም። ጣትሽ ደግሞ ከምላጩ ትራቅ፤ እንዲህ፣ ከእንጨቱ ጋር ትጋደም።»

«እሺ።»

«አሁን ምን ታደርጊያለሽ?»

አያፕሩን አፈሙዙን ወደ ወለሉ አዘቀዘቀች፤ አጎንብሳ የጥይት መጉረሻውን አየች። ዓይኗን አላመነችውም፤ ትንሿን ጣቷን አስገብታ ዳሰሰች። «ባዶ ነው።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። ከዚያም ጠመንጃዋን ሳትዘጋ ወደ እናቷ ገፋ አደረገቻት።

«አሁን ደግሞ አንቺ እዪ» አለቻት።

አኑስካ ጣቷን አስገባች። ባዶ ነበር።