አርባ ሦስቱም «ደህና ነን» አሉ

የዶክተሯ ጥናት አንድ ሺህ ጊዜ የተጠቀሰ ዕለት የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች ኬክ ቆረሱላት። ጥናቱ ስለ ማኅበረሰብ ጽናት ነው፤ ወንዝ ገንፍሎ ቤታቸው የገባባቸው የአንድ ሰፈር ሰዎች የማንንም እጅ ሳያዩ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ኑሯቸው እንደተመለሱ ይተርካል። ሰፈሩ እሷው ያደገችበት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ቤት ለቤት ዞራ አርባ ሦስት ሰው ጠየቀች፤ አርባ ሦስቱም «ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለንም» አሏት። መቼም እንዲህ ያለ የተባረከ መልስ ለተመራማሪ ሁሉ አይገጥምም። ለእሷ ገጠማት፤ እሷም «ምነው፣ አንድ የሚያማርር ሰው እንኳ ጠፋ?» ሳትል ጽፋ አሳተመችው።

አሁን የቀራት ሙሉ ፕሮፌሰርነት ብቻ ነው። ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል። ቅጹ ላይ ያልሞላችው አንድ ቦታ ነበር፤ «ጥናቱ ከግቢ ውጪ ሥራ ላይ የዋለበት ማስረጃ ይያያዝ» ይላል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ሰው ወዳድና ወሬ የማያልቅባት ሴት፣ ፈልጋ አገኘችላት።

«ዶክተርዬ፣ ምሥራች!» አለች ወረቀቱን እያውለበለበች። «የውኃ ቢሮው ራሱ ጠቅሶሻል! ቢሮ ያነብባል ብሎ ማን ያምናል?»

ዶክተሯ እየሳቀች ተቀብላ እዚያው ቆማ አነበበች። «በጥናት እንደተረጋገጠው የወንዙ ዳር ነዋሪዎች ጎርፍን ያለ ውጭ ድጋፍ የመቋቋም አቅም አላቸው። ስለሆነም ሊሠራላቸው ታቅዶ የነበረው የመከላከያ ግንብ ቀርቶ በጀቱ ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዞር ተወስኗል።» ከሥሩ ስሟ አለ። ቀኑ የዛሬ አራት ዓመት ነው።

ክው አለች። እንደገና አነበበችው፤ ያው ነው።

«ምነው? ስምሽን አሳስተው ጻፉት እንዴ?» አለች ሠራተኛዋ።

«አላሳሳቱም» አለች ዶክተሯ፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሰፈሩ በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሦስት ሰዓት ብቻ! ግን ካጠናችው ወዲህ አንድም ቀን አልረገጠችውም። ልምጣ ባለች ቁጥር ያሳደጓት አጎቷ፣ ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ «መንገዱ ተበላሽቷል፤ እኔው እመጣለሁ» ይሏታል፤ የተጠቀለለ ቀሚስ በብብታቸው ይዘው ከች ይላሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የጋሼ ሚስት፣ እትዬ የምትላት፣ በሳንባ ምች ሞተች የተባለ ጊዜም መንገዱ ተበላሽቶ ነበር። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ጋሼ ራሳቸው መጥተው አረዷት። እሷም የቤቷ ነገር ሆኖባት «ምን ዓይነት መንገድ ነው ስምንት ዓመት የሚበላሽ?» አላለችም።

መንገዱ ደህና ነበር። አውቶቡሱ ጋሼ በር ላይ አወረዳት።

ጋሼ የልብስ ስፌት መኪናቸውን በአራት ብሎኬት ላይ ሰቅለው፣ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። የመብራቱ ሶኬት ጣሪያ ሥር ተተክሏል። አልጋው ላይ ለመውጣት መሰላል ያሻል። ግድግዳው ላይ አምስት የጭቃ መስመር ተነባብሯል። የታችኛውን ታውቀዋለች፤ ጥናቷ ውስጥ ፎቶው አለ። የላይኛው ደረቷ ድረስ ይደርሳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ? እ... ውኃ ነዋ። ይመጣል፣ ይሄዳል» አሉ ደንግጠው። «ግቢ እንጂ! ምነው እንደ ፖሊስ በር ላይ ቆምሽ?»

አልተቀመጠችም። ወረቀቱን አነበበችላቸው። ጋሼ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሰሟት።

«አሃ» አሉ በመጨረሻ። «መሐንዲሱ መጥቶ ችካል ተክሎልን ነበር እኮ። ሳይመለስ ሲቀር የሞተ መስሎን ስንት አዘንን።»

«ለምን ያኔ አልነገራችሁኝም? ከአርባ ሦስት ሰው አንዱ እንኳ!»

«እኔ ነኛ የከለከልኳቸው» አሉ ጋሼ፤ የሚያኮራ ነገር እንደሠራ ሰው ቀና ብለው። «በስልክ ‹የማጠናው ጽናትን ነው፣ የምመረቀው በዚህ ነው› አላልሽኝም? ከመምጣትሽ በፊት ቤት ለቤት ዞርኩ። ‹ልጃችን ፈተና ላይ ናት፤ ካለቀስንባት ትወድቃለች፤ ማንም ትንፍሽ እንዳይል› አልኩ። አናጢው የጓዳው ግድግዳ ተንዶ ሳለ መጋረጃ ጋርዶ ነው ያስተናገደሽ። ታዲያስ፣ አላለፍሽም?»

ዶክተሯ አፈረች፤ ተናደደች፤ በማን እንደምትናደድ ግን ጠፋት። አንድ ሺህ ምሁር የጠቀሰው፣ ለካ፣ ሰፈርተኛ ለአንዲት ልጅ የዋለላትን ውለታ ነበር። የጋሼን ዓይን ማየት ስላቃታት ስልኳን አውጥታ መቅረጫውን ከፈተችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ እንደገና ልጠይቅዎት። ዛሬ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ጋሼ ስልኩን በጥርጣሬ አዩት። «ይሄም ፈተና ነው?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«አሁን ብናለቅስ ታልፊያለሽ?»

ሰኞን አሰበች። ይህ ድምፅ ከወጣ ጥናቱ ይሰረዛል፤ ፕሮፌሰርነቱም ይቀራል፤ ምናልባት ወንበሯም አብሮ ይሄዳል። እውነቱን ብትነግራቸው ግን ጋሼ ያችኑ «ደህና ነን» ይደግሙላታል፤ ታውቃቸዋለች። ሰፈሩ ያኔ ዓይን ዓይኗን እያየ እንደዋሻት፣ እሷም ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«አልፋለሁ» አለች።

የጋሼ ፊት በራ። ተነሥተው በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «አንተ አናጢ! ልጃችን እንደገና ልትፈተን መጥታለች! ዛሬ እውነቱን ነው አሉ የሚፈልጉት፤ ለሁሉም ንገር!»

«የቱን እውነት?» አለ አናጢው ከማዶ።

«ሁሉንም!»

ተመልሰው ተቀመጡ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው ቀስ ብለው ጠቀለሉት።

«እንግዲያው ከእትዬሽ ልጀምር» አሉ። «ሳንባ ምች አልነበረም።»